ልጄ ከቡድኗ ጋር ጃፓን ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው፣ ምን ልንገራት?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አሳድሬዋለሁ። የጻፉት ልጆቻቸው ከሩጫ ቡድን ጋር ጃፓን ትምህርት ቤት ለጉብኝት የሚሄዱላቸው ወላጆች፣ ሂያጆቹ ራሳቸውና አንድ አሰልጣኝ ናቸው። እኔም እንዲህ ካለ የወጣቶች ቡድን ጋር አብሬ ሄጄ ስለነበር ያየሁትንና የማውቀውን ልበላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ሯጭ ናት። ታኅሣሥ ላይ ጃፓን ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድናቸውን ጋብዟል፣ የተወሰነውን ቀን ደሞ በየሰው ቤት ነው የሚያድሩት ተባልን። ጾም ነው፣ ብርድ ነው፣ የማላውቀው ሰው ቤት ነው፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ልቋጥርላት? ምን ትበላለች? ስንት ሰዓት ላይ ልደውልላት? (እናት፣ ከአሰላ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ በጣም ቀላል ነው። ጃፓን ከኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛ የሀበሻ አቆጣጠር ደሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል፣ ስለዚህ የርስዎ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና እሷ ያለችበት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት እኩል ነው የሚቆጥሩት፣ ልዩነቱ እርስዎ ጋ ቀን ሲሆን እዛ መምሸቱ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢደውሉ እዛም የነሱ ሰዓት 8 ይላል፣ ግን ምሽት ነው፣ እራት በልታ ቁጭ ያለችበት ሰዓት ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ዜና እያዩ ትዝ ብላዎት ከደወሉ ግን እሷ ጋ እኩለ ሌሊት አልፎ 2 ሰዓት ሆኗል፣ ቤቱን ሙሉ ነው የሚቀሰቅሱት። ሞባይሏ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ሲደርሱ ራሱ ያስተካክላል፣ የሀበሻ ሰዓት የሞላችበትን የእጅ ሰዓቷን ግን አትንካው።

ስንቅን በተመለከተ፣ ቋንጣ እንዳይቋጥሩ! ለጾሙ ብዬ አይደለም፣ ጃፓን የስጋ ውጤት ያለ ምርመራ ወረቀት ማስገባት ክልክል ነው፣ የደረቀም ይሁን የታሸገ፣ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም፣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚያሸት ውሻ አላቸው። ዳቦ ቆሎና በሶ ይበቃታል፣ ምግብ ይዛ እንደገባች ደሞ ፎርሙ ላይ በግልጽ ትሙላ። ለቤተሰቡ ስጦታ ቡና ከሆነ ያሰቡት የተቆላውን ይላኩ፣ ጥሬ ቡና የእጽዋት ኳራንቲን ምርመራ አለበት። መድኃኒትም ላይ ይጠንቀቁ፣ እኛ ጋ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን ከተወሰነ መጠን ካለፈ እዛ ክልክል ነው፣ ኮዴይን ያለበትም እንደዛው። የምትወስደው የታዘዘላት መድኃኒት ካለ የሐኪሙን ወረቀት አብራ ትያዝ።

ጾሙ ላይ ትንሽ ላስረዝም፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚቸገሩት። ጃፓኖች አትክልት ይወዳሉ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ አይብ መሳይ ነገር) አለ፣ ሩዝ አለ፣ ባቄላ አለ፣ እና ሰው ሲያየው "ጾመኛ አገር" ይመስለዋል። ግን ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ሾርባቸውም፣ የኑድሉ መረቅም፣ የተቀቀለው አትክልት ሳይቀር ብዙ ጊዜ "ዳሺ" በሚሉት ውሃ ነው የሚሰራው፣ ዳሺ ማለት ደሞ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ነው። አስተናጋጆቹ ዓሣ ስለማይታያቸው "የለበትም" ብለው በቅን ልብ ይነግሯታል። እና "ስጋ አልበላም" ማለት አይበቃም፣ "ስጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የዓሣ ዳሺም ጭምር" ብሎ አስቀድሞ በጃፓንኛ ጽፎ መላክ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው ግን "ሾጂን ሪዮሪ" ማለት ነው፣ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፣ ስጋም ዓሣም የለበትም፣ ይሄን ስም ሲሰሙ ወዲያው ይገባቸዋል። ዓሣው ላይ የኛም ሰው አንድ አይነት አይደለም፣ ስለሱና ስለ መንገደኛ ጾም ከመሄዷ በፊት ንስሐ አባቷን ታነጋግር፣ እዛ ሄዳ ማዕድ ላይ ቁጭ ብላ የምትወስነው ነገር አይደለም። ሩጫ እየሮጠች ባዶ ሆዷን እንዳትሆን ብቻ።

ብርዱ እውነት ነው። ታኅሣሥ ላይ ቶኪዮና ኪዮቶ አካባቢ ጠዋት ወደ ዜሮ የሚጠጋበት ቀን አለ፣ የሚገርመው ደሞ ቤታቸው እንዳለ አይሞቅም፣ ክፍል በክፍል ነው የሚያሞቁት፣ ኮሪደሩና ሽንት ቤቱ ይበርዳል (የሽንት ቤቱ መቀመጫ ግን በኤሌክትሪክ ይሞቃል፣ ቁልፉ ብዙ ነው፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ሳይነኩት አያልፉም፣ ውሃውም ሽቅብ ይመጣል፣ ይሄን ከአሁኑ ንገሯቸው)። ወፍራም ቱታና የሱፍ ካልሲ ጨምሩላት።

ሌላው መታጠቢያው ነው። ቤት ውስጥ ገንዳ ሙሉ ሙቅ ውሃ ይዘጋጃል፣ እሱ ግን መታጠቢያ አይደለም፣ መዘፍዘፊያ ነው። ከገንዳው ውጪ ቁጭ ብላ በሳሙና ታጥባ፣ ተለቃልቃ ነው የምትገባው። ስትወጣም ውሃውን እንዳታፈሰው፣ ያንኑ ውሃ ቤተሰቡ በየተራ ይገባበታል፣ ለእንግዳ ክብር ብለው ደሞ አንደኛ እሷን ነው የሚያስገቡት።

ጥያቄ፦ ጃፓን ተማሪው ራሱ ነው ሽንት ቤት ሚያጸዳው ይባላል እውነት ነው? እኛ እንግዳ ሆነን ሄደን መጥረጊያ ሊያስይዙን ነው እንዴ? ሰላምታስ እንዴት ነው፣ እጅ አይጨባበጡም አሉ። ደሞ ስለ አበበ ቢቂላ ቢጠይቁኝ ምን ልበል? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ከትምህርት በኋላ ወይ ከምሳ በኋላ ሁሉም በየቡድኑ ተከፋፍሎ ክፍሉን፣ ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ ሽንት ቤቱንም ያጸዳል፣ ብዙ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፣ ስራው በየሳምንቱ ይዟዟራል። ትንንሾቹ ትምህርት ቤት ደሞ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው በሁለት እጅ ተጭነው ጎንበስ እንዳሉ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ይሮጡበታል፣ አንዱ አሰልጣኛችን ሲያይ "ይሄማ የጉልበት ልምምድ ነው" አለ።

እናንተን አያስይዟችሁም፣ እንግዳ ናችሁና ተቀመጡ ነው የሚሏችሁ። እኔ የምለው ግን አትቀመጡ። ከሁሉም በላይ የምመክርህ ይሄን ነው። ከኛ ቡድን ግማሾቹ ሶፋ ላይ ሻይ እየጠጡ ፎቶ ሲነሱ ቆዩ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ግን ተነስተው ጨርቅ ተቀበሉ፣ ከዛ በኋላ ባለው ቀን የጃፓኖቹ ልጆች ሲስቁና ሲያወሩ የነበረው ከነሱ ጋር ነው፣ ሌሎቻችን ግን እስከመጨረሻው "የተከበራችሁ እንግዶች" እንደሆንን ቀረን። ጃፓን ተማሪ ዓይን አፋር ነው፣ እንግሊዝኛውን በጽሁፍ ቢያውቀውም አይናገረውም፣ ፊትህ ቆሞ ሰላም ከማለት ጓደኛው ጀርባ መደበቅ ይቀለዋል፣ አብረኸው ባልዲ ስትይዝ ግን የሚያወራህ አያጣም። እዚህ አገር ካይዘን (ከጃፓን የመጣው ስራን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ) የሚል ባነር ያልተሰቀለበት መስሪያ ቤት አለ እንዴ፣ እዛ ግን ባነሩን አላየሁም፣ ልጆቹ ሲጠርጉ ነው ያየሁት።

ጫማ፦ በር ላይ መደርደሪያ አለ፣ የውጪውን አውልቀህ "ኡዋባኪ" የሚሉትን የቤት ውስጥ ጫማ ታደርጋለህ፣ ለእንግዳ ስሊፐር ይሰጣሉ። ለቤተክርስቲያን ወይ ለመስጊድ እንደምታወልቀው ነው፣ ብቻ እዛ ቀኑን ሙሉ ታወልቃለህ ታጠልቃለህ። ሽንት ቤት ደሞ ሌላ የራሱ ስሊፐር ሊኖረው ይችላል፣ እሱን አድርገህ ክፍል ውስጥ ከተመለስክ ይስቁብሃል። ካልሲህ ቀዳዳ እንዳይሆን።

ሰላምታው ጎንበስ ማለት ነው፣ እጅ መንሳትን ለምናውቅ ለኛ ይሄ አይከብድም። ስጦታም በሁለት እጅ ነው የሚሰጠውና የሚቀበሉት። ስፖርት ላይ ደሞ ለሰው ብቻ አይደለም፣ ሜዳው ጋ ሲደርሱና ሲወጡ ለሜዳው ራሱ ጎንበስ ይላሉ። ብዙው የትምህርት ቤት ሜዳ የአፈር ነው፣ ልምምድ ሲያልቅ ረጅም እጀታ ባለው እንጨት ሁሉም ተሰልፎ አፈሩን ያስተካክላል፣ ነገ ለሚሮጠው ማለት ነው።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ በቾፕስቲክ (በሚበሉበት ሁለት ቀጭን እንጨት) ይዘህ ለሌላ ሰው ቾፕስቲክ ምግብ አታቀብል፣ ሩዝ ላይም ቀጥ አድርገህ አትሰካው፣ ሁለቱም ከሬሳና ከቀብር ስርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። የኛ ልጅ ደሞ ሲወድህ ጉርሻ ያምረዋል አይደል፣ አንዱ በቾፕስቲክ ሊያጎርስ ሲያነሳ ልጅቷ ደንግጣ በቾፕስቲኳ ልትቀበለው ስትል አስተማሪዋ ጮኸች፣ ከዛ ምን እንደሆነ ሲገባን ሁላችንም ሳቅን። ጉርሻ ከፈለግክ በእጅህ፣ ከማስረዳት ጋር።

አበበን በተመለከተ፣ ወጣቶቹ ባያውቁት እንኳ አስተማሪዎቹና አያቶቹ ያውቁታል፣ "አቤቤ" ነው የሚሉት። ብቻ ልጆቻችን የሚሳሳቱት ነገር አለ፣ ቶኪዮ ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ ይላሉ። በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሮም ነው፣ በ1960። በ1961 ኦሳካ ላይ ሮጦ አሸንፏል፣ እዛ እያለ ኦኒትሱካ የሚባለው ጫማ ሰሪ (የዛሬው አሲክስ) ጫማ እንዲያደርግ ለምኖ አሳምኖታል። በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲያሸንፍ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነበር፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ከአንድ ወር ትንሽ ያለፈው ነው፣ 2:12:11 ገብቶ ተመልካቹ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ይሄንን ታሪክ ጃፓን አገር ስታወራ ቁጥሩንም አስተካክለህ አውራ፣ እነሱ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የማሰለጥነው። ልጆቼን ይዤ ጃፓን የአንድ ትምህርት ቤት ክለብ ጋር ለልምምድ ልሄድ ነው። ኤኪደን የሚባለው ምንድነው? ልጆቼስ እነሱን በትነዋቸው ቢገቡ ነውር ይሆን? (አሰልጣኝ፣ ከበቆጂ)

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ ከበቆጂ መጥተው ስለሩጫ እኔን መጠየቅዎ ያሳፍረኛል፣ ስለ ኤኪደን ግን ደስ ብሎኝ ነው የምነግርዎ። የጎዳና ላይ የዱላ ቅብብል በሉት፣ ዱላው ግን የለም፣ በዱላው ቦታ "ታሱኪ" የሚባል ከትከሻ ወደ ወገብ የሚታሰር የጨርቅ መቀነት ነው የሚቀባበሉት። መጀመሪያ የተሮጠው በ1917 ከኪዮቶ ቶኪዮ ነው፣ ከ500 ኪሎሜትር በላይ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገር አቀፍ ውድድር በየዓመቱ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ኪዮቶ ላይ ይደረጋል፣ ወንዶቹ ማራቶኑን ለ7 ተካፍለው (የመጀመሪያው ልጅ 10 ኪሎሜትር ይሮጣል)፣ ሴቶቹ ግማሽ ማራቶኑን ለ5። የዩኒቨርሲቲዎቹ ሀኮኔ ኤኪደን ደሞ ጃንዋሪ 2 እና 3 ነው፣ 10 ሯጭ፣ 217 ኪሎሜትር ገደማ፣ ከ1920 ጀምሮ ያለ፣ አገሩ ሁሉ የአዲስ ዓመት በዓሉን ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ ነው የሚያሳልፈው።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ሀኮኔ ላይ አንድ ቡድን ከመሪው በጣም ከዘገየ ቀጣዩ ሯጭ ጓደኛው ሳይደርስ ሌላ መቀነት አድርጎ እንዲነሳ ይደረጋል፣ የትምህርት ቤቱ ታሱኪ እዛ ላይ ተቋረጠ ማለት ነው፣ እና ይሄ ከመሸነፍም ይብስባቸዋል። እግሩ የተሰበረ የሚመስል ልጅ እየተንገዳገደ መቀነቱን ለማድረስ ሲሄድ ያዩታል። የኛ ልጅ ለራሱ ሰዓት ነው የሚሮጠው፣ ማናጀር ያየኛል ብሎ ነው፣ እና ይሄ ለኛ ልጆች አዲስ ነገር ነው።

ስለዚህ "በትነዋቸው ቢገቡ" ላሉት፣ ይበትኗቸዋል፣ ነውር አይደለም፣ እነሱም ይሄን ለምደውታል። ኬንያውያን ተማሪዎች ጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ በ2008 ቤይጂንግ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ሳሙኤል ዋንጂሩ ሰንዳይ ነው የተማረው፣ እንዲያውም የውጪ ተማሪ የመጀመሪያውን ዙር እንዳይሮጥ እስከመከልከል ደርሰዋል። ግን እኔ ብሆን ኢትዮጵያ ለጃፓን የሚባል ውድድር አላደርግም። ምን ይማሩበታል? አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት የኛ ሦስት የነሱ ተደርጎ የተቀላቀለ ኤኪደን ይጠይቋቸው። መቀነቱን የምታቀብልህ ስሟን እንኳ ለመጥራት የምትቸገርባት ልጅ ስትሆን፣ ዘግይታ ስትመጣ ዝም ብለህ ቆመህ አትጠብቃትም፣ ትጮህላታለህ።

እርስዎም የሚያስተምሯቸው አለ። እኛ ጫካ ውስጥ መሪውን ተከትለን በአንድ መስመር፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዝን የምንሮጠው ሩጫ እነሱ ጋ የለም፣ በአብዛኛው አስፋልትና ትራክ ላይ ናቸው። ፓርክ ካለ ውሰዷቸው። ለአስፋልቱ ደሞ ሶሉ ወፍራም ጫማ ያስይዟቸው፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሳንባቸው ሲቀላቸው ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያብዳሉና ልጓም ይያዙ።

ክለቡ ውስጥ ደረጃ አለ፣ ከፍተኛ ክፍል ያለው "ሴንፓይ" ነው፣ ታናሹ ይታዘዘዋል፣ ውሃ ይሸከማል። የማይሮጡ ግን ስቶፕዎች ይዘው ሰዓት የሚመዘግቡ፣ ውሃ የሚያዘጋጁ "ማናጀር" የሚባሉ ተማሪዎች አሉ፣ እነሱን እኔ በጣም ነው የወደድኳቸው፣ እኛ ጋ ቢኖር ጉዳት የደረሰበት ልጅ ከቡድኑ አይጠፋም ነበር። ብዙዎቹ በየቀኑ የልምምድ ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ አሰልጣኙ ያነባል፣ ይመልሳል።

ሁሉንም አድንቀው ግን እንዳይመለሱ። የጃፓን የትምህርት ቤት ክለብ እረፍት የሌለውና ዱላ ያለበትም ነበር፣ በ2012 ኦሳካ ውስጥ በአሰልጣኙ ይመታ የነበረ ተማሪ ራሱን አጥፍቶ አገሩ ተናውጧል። በ2018 መንግስት መመሪያ አውጥቶ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እረፍት፣ በስራ ቀን የልምምዱ ርዝመት ከ2 ሰዓት ገደማ እንዳያልፍ ብሏል። "ዲሲፕሊን እንደ ጃፓን" ሲባል ይሄኛውም አብሮ ይታወስ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሙስሊም ነው፣ ከቡድኑ ጋር ይሄዳል። ሶላትና ሃላል እንዴት ይሆናል? የጋራ መታጠቢያ ራቁት ነው መባሉስ? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋው ብቻ አይደለም የሚታየው፣ "ሚሪን" የሚባል አልኮል ያለው ማጣፈጫ ብዙ ወጣቸው ውስጥ ይገባል፣ ኑድሉ መረቅ ደሞ የአሳማ አጥንት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከአሳማው ቀጥሎ እነዚህን ስም ጠርቶ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ዓሣና ሩዝ ስላለ አይራብም። ለሶላት ባዶ ክፍል ከጠየቀ ያለ ማንገራገር ይሰጡታል፣ የሚወዱት ሰዓቱን ቀድመው ማወቅ ነው፣ የእለቱን ሶላት ሰዓት ጽፎ ይስጣቸው። የጋራ መታጠቢያው ወንድና ሴት የተለያየ ነው፣ ግን አዎ ራቁት ነው፣ ማንም አያስገድደውም፣ ለብቻው ሻወር እንዲሰጡት አሰልጣኙ ከመድረሳቸው በፊት ይንገር። ክርስቲያኖቹም ልጆች አፍረው እምቢ ብለው ነበር።

ጥያቄ፦ ጃፓኖቹ በምላሹ የኛ ትምህርት ቤት ሊመጡ ነው። እንዴት እንቀበላቸው? (መምህርት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ድንኳንና ንግግሩን ቀንሱ። እንግዳ መጣ ሲባል የክፍለ ከተማው ሃላፊ እስኪመጣ ልጆቹን ጸሐይ ላይ እናቆማለን፣ ከዛ ሦስት ንግግር፣ ከዛ ስጦታ፣ ከዛ ፎቶ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ምሳ ይደርሳል። ቡናው ጥሩ ነው፣ አቦል ቶና በረካ እስኪደርስ ቁጭ ብለው ፈንዲሻ እየበሉ ያወራሉ፣ የቡና ሰዓቱን አታሳጥሩት። እንጀራው ከመቅረቡ በፊት እጃቸውን አስታጥቧቸው፣ በእጅ መብላቱን ይወዱታል፣ ጉርሻው ምን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጥሬ ስጋ ይቅር፣ ውሃ የታሸገ ይሁን።

ሩጫ ላይ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን አታሩጧቸው። ከባህር ዳርቻ ተነስተው አዲስ አበባ ሲገቡ 2,300 ሜትር ላይ ናቸው፣ እንጦጦ ይዛችኋቸው ብትወጡ ወደ 3,000 ትጠጋላችሁ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አስፋልት ላይ ተቀምጦ ሲያስመልስ ማየት አትፈልጊም። በእግር አዟዟሯቸው፣ በሦስተኛው ቀን በዝግታ። በጽዳት ሰዓት መጥረጊያ ከጠየቁ ስጧቸው፣ ኧረ በእንግድነታችሁ አትበሏቸው።

ፕሮግራሙን ስትልኪላቸው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው። "ጠዋት 3 ሰዓት" ብለሽ ብቻ ከላክሽ ከሌሊቱ 9 ላይ ሆቴሉ በር ላይ ቱታ ለብሰው ተሰልፈው ነው የምታገኚያቸው፣ ይሰለፋሉ ደሞ። 3 ላይ ብለሽ 4 ላይ አውቶብሱን ከላክሽም እዛው እንደቆሙ ናቸው፣ ሹፌሩን ከአሁኑ አስጠንቅቂ።